የቆሻሻ ማስወገጃ ሸክምና የአካባቢ ድጋፍ ገንዘብ፤ ከረጲ እስከ አባ ሳሙኤል

በአዲስ አበባ ከተማ በንፋስ ስልክ ላፍቶና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍላተ ከተሞች አዋሳኝ ላይ የሚገኘውና በተለምዶ «ቆሼ» እየተባለ የሚጠራው የረጲ ደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የመዲናዋን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። ሥራ ሲጀምር ከከተማዋ ዳርቻ ውጪ የነበረው ይህ ሥፍራ ከተማዋ እየሰፋች በመሄዷ በመኖሪያ መንደሮች፣ በትምህርት ቤቶችና በእምነት ተቋማት መካከል ለመገኘት በቅቷል። የመላው ከተማ ነዋሪ ከደጁ እንዲነሣለት የሚፈልገው ቆሻሻ ከ30 ሄክታር በላይ በሆነው በዚህ መሬት ላይ ሲከማች ሽታውን፣ ጭሱንና ከክምሩ የሚወጣውን ፍሳሽ የተሸከሙት ግን በዙሪያው የሚኖሩ ወገኖች ብቻ ናቸው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ምሽት የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከሥሩ በነበሩ መኖሪያ ቤቶች ላይ በመውረዱ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሟቾቹ መካከል የሚበዙት ሴቶች ሲሆኑ ሕፃናትም ይገኙባቸዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀናት ብሔራዊ የሐዘን ቀን ያወጀ ሲሆን ከአገር ውስጥና ከውጭ ለተጎጂዎች ድጋፍ ተደርጓል። አደጋው የከተማ ቆሻሻ አወጋገድ የጽዳት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ መሆኑን በግልጽ ያመለከተ ነበር።

ከዚህ የሚነሣው መሠረታዊ ጥያቄ አንድ ነው። ለአንድ ከተማ ሁሉ ጥቅም ሲባል የማስወገጃ ሥፍራን ሸክም ለዓመታት የሚሸከም አካባቢ፣ አደጋ ከመድረሱ በፊትም ሆነ አደጋ በሌለበት ጊዜ ምን ያገኛል? በተለያዩ አገሮች ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡ ምላሾች አንዱ ከቆሻሻ ከሚሰበሰብ ገቢ የተወሰነው ክፍል ለአካባቢው ኅብረተሰብ መገልገያዎች፣ ለዱር እንስሳት መኖሪያዎች ጥበቃ፣ እንዲሁም ለአብያተ ክርስቲያናትና ለሌሎች ታሪካዊ ሕንፃዎች ጥገና በድጋፍ መልክ እንዲመለስ ማድረግ ነው። የዚህን አሠራር ምንነት፣ ጠንካራና ደካማ ጎኖቹንና ከአገራችን ሕግና ተሞክሮ ጋር ያለውን ግንኙነት ማወቅ በየደረጃው ለሚገኙ የሥራ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ጠቃሚ ይሆናል።

የእንግሊዝ ተሞክሮ

በዚህ ረገድ በስፋት የሚጠቀሰው የእንግሊዝ ተሞክሮ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1996 ወደ መቅበሪያ ሥፍራ በሚገባ ቆሻሻ ላይ በቶን የሚሰላ ግብር ጣለ። ግብሩ ሲጀመር ለአንድ ቶን መደበኛ ቆሻሻ 7 ፓውንድ፣ እንደ አፈርና የሕንፃ ፍርስራሽ ላሉ ብዙ ለውጥ ለማያመጡ ነገሮች ደግሞ 2 ፓውንድ ነበር። የግብሩ ዋና ዓላማ ገቢ መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን ቆሻሻን መቅበር ውድ እንዲሆንና መልሶ መጠቀም እንዲበረታታ ማድረግ በመሆኑ ታሪፉ በየጊዜው እያደገ መጥቶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 መደበኛው ታሪፍ በቶን 126 ፓውንድ ከ15 ሳንቲም ደርሶ ነበር።

ከግብሩ ጋር አብሮ የተዘረጋው ሥርዓት ለአካባቢ ማኅበረሰቦች ድጋፍ የሚሰጥበት ነው። በዚህ አሠራር መሠረት የመቅበሪያ ሥፍራ አንቀሳቃሽ ድርጅት ሊከፍል ከሚገባው ግብር ላይ በመንግሥት ከተወሰነ ጣሪያ ሳያልፍ ለተመዘገቡ የአካባቢ ጥበቃ አካላት መዋጮ ሲያደርግ፣ ከመዋጮው 90 በመቶ የሚሆነው ከግብሩ ላይ እንዲቀነስለት ይደረጋል። ቀሪው 10 በመቶ በድርጅቱ በራሱ ወይም በሌላ ሦስተኛ ወገን ይሸፈናል። ስለዚህ የድጋፉ ዋና ምንጭ የድርጅቶች ቸርነት ሳይሆን መንግሥት ሊሰበስበው ይችል ከነበረው ገቢ ላይ የተወው ገንዘብ ነው። ይህን ነጥብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ገንዘቡ በባሕርይው የሕዝብ በመሆኑ የሕዝብ ገንዘብ የሚጠይቀውን ግልጽነትና ቁጥጥር ይጠይቃል።

በድጋፉ እንዲሸፈኑ የተፈቀዱት ሥራዎች በሕግ ተዘርዝረዋል። ከእነዚህም መካከል የተበከለ መሬትን ማጽዳት፣ ብክለትን መከላከል፣ የሕዝብ መናፈሻዎችን፣ የመጫወቻ ሥፍራዎችንና የመሰብሰቢያ አዳራሾችን መሥራት ወይም ማደስ፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት መኖሪያዎችን መጠበቅ፣ እንዲሁም የአምልኮ ቦታዎችንና ታሪካዊ ወይም ሥነ ሕንፃዊ ዋጋ ያላቸውን ሕንፃዎች መጠገን ይገኙበታል። ፕሮጀክቱ ከማስወገጃ ሥፍራ አቅራቢያ መሆን ያለበት ሲሆን ብዙዎቹ ድጋፍ አከፋፋዮች ለዚህ መለኪያ የወሰዱት የ10 ማይል ወይም የ16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው። መናፈሻዎች፣ አዳራሾችና የሚጠገኑ ሕንፃዎች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ይጠየቃል። ሥርዓቱን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ አካል የተቋቋመ ሲሆን በዚህ መንገድ ሥራ ላይ የዋለው ገንዘብ በድምሩ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው።

ይሁንና አሠራሩ ከትችት ነፃ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዋጮ ሰጪ ድርጅቶች ገንዘቡን ለራሳቸው ጥቅም ወደሚያመቹ ሥራዎች ሊያዘነብሉ ይችላሉ የሚል ወቀሳ ቀርቦ ነበር። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገው ማሻሻያ ከቆሻሻ አያያዝ ጋር የተያያዙ ሥራዎች ከድጋፉ እንዲወጡና ለዚህ ይውል የነበረው ገንዘብ በመንግሥት በጀት በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ፣ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ራሱን የቻለ የድጋፍ ዘርፍ ሆኖ ገብቷል። ሌላው መሠረታዊ ችግር የገንዘቡ ምንጭ ነው። ግብሩ ዓላማውን እያሳካ የሚቀበረው ቆሻሻ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ለአካባቢ ድጋፍ የሚውለው ገንዘብም አብሮ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት እንዲህ ያለ ገንዘብ ለቋሚ ወጪዎች መሸፈኛ ሊታሰብ አይገባም።

ሦስቱ ዘርፎች ለምን በአንድነት ተቀመጡ?

የኅብረተሰብ መገልገያዎች፣ የዱር እንስሳትና የአምልኮ ሕንፃዎች በአንድ የድጋፍ ሥርዓት ውስጥ መካተታቸው በመጀመሪያ ሲታይ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሦስቱን የሚያስተሳስር የጋራ ባሕርይ አለ። ሦስቱም የአንድ ግለሰብ ሀብት ሳይሆኑ የአካባቢው ሕዝብ በጋራ የሚገለገልባቸው ወይም የሚጠብቃቸው ናቸው። ሦስቱም ከገበያ በሚገኝ ትርፍ ሊተዳደሩ የማይችሉ በመሆናቸው ጥገናቸው ከዓመት ወደ ዓመት ሲንከባለል ይቆያል። ከዚህም በላይ አንድ አካባቢ ክብሩን ሲያጣ በመጀመሪያ የሚጎዱት እነዚሁ ናቸው፤ ወንዙ ይበከላል፣ ዛፉ ይቆረጣል፣ የቆየው ሕንፃ ጣሪያው ያፈሳል።

በአገራችን ይህን ትስስር በተጨባጭ የሚያሳየው የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በተለይም በደቡብ ጎንደር፣ ከእርሻና ከግጦሽ የተረፈው ነባር ደን በአብዛኛው የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ነው። በእነዚህ ደኖች ውስጥ አገር በቀል ዛፎች፣ ወፎችና የአበባ ብናኝ የሚያዳርሱ ነፍሳት ተጠልለው ይኖራሉ። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር በመተባበር ባስጀመሩት ሥራ በአነስተኛ የውጭ ድጋፍ በበርካታ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ከብት የማያሳልፍ የድንጋይ ካብ ተሠርቷል። ድንጋዩ ከአካባቢው ማሳዎች የተለቀመ በመሆኑ ለአርሶ አደሩ መሬቱን ሲያጸዳለት ለደኑ ደግሞ አጥር ሆኗል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ካህናቱና ምዕመናኑ የሥራው ባለቤት በመሆናቸው ውጤቱ ከገንዘቡ መጠን የላቀ ነው።

ከአገር ውስጥ የተገኙ ትምህርቶች

በድጋፍ ገንዘብ የተሠሩ ሥራዎች በኢትዮጵያ አዲስ አይደሉም። ከእነዚህ የሚገኘው ትምህርት ግን በየፈርጁ መታየት ይኖርበታል።

ከቆሻሻ አወጋገድ ጋር በቀጥታ የተያያዘው የሰንዳፋ ተሞክሮ ነው። ረጲን ለመተካት በፈረንሳይ የልማት ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ በሰንዳፋ የተገነባው ዘመናዊ የማስወገጃ ሥፍራ በጥር ወር 2008 ዓ.ም ሥራ ቢጀምርም በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ምክንያት በጥቂት ወራት ውስጥ አገልግሎቱን አቁሟል። አርሶ አደሮቹ ውኃቸውና ከብቶቻቸው እንደተጎዱባቸው ሲያሰሙት የነበረው ቅሬታ በቂ ምላሽ ባለማግኘቱ የከተማዋ ቆሻሻ ወደ ረጲ ተመልሷል። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ወር የደረሰው አደጋ የተከሰተው ቆሻሻው ወደ ቀድሞው ክምር ከተመለሰ በኋላ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግንባታው በቂ ገንዘብ ቢያገኝም የአካባቢው ሕዝብ ሸክሙን እንጂ ጥቅሙን የማያይ ከሆነ ሥራው ሊዘልቅ እንደማይችል ነው።

ከአደጋው በኋላ የጃፓን መንግሥት በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በኩል ባደረገው ድጋፍ የረጲን ክምር ተዳፋት ለማረጋጋት «ፉኩኦካ» በመባል የሚታወቀው ዘዴ ሥራ ላይ እንዲውል ተደርጓል። ዘዴው በክምሩ ውስጥ በሚዘረጉ ቱቦዎች አማካይነት ፍሳሹን በማስወጣትና አየር በማስገባት ቆሻሻው በፍጥነት እንዲበሰብስና የሚፈጠረው የሚቴን ጋዝ እንዲቀንስ የሚያደርግ ነው። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም የተመረቀው የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫም በቀን እስከ 1 ሺህ 400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተገነባ ነው። ሁለቱም ሥራዎች በክምሩ ላይ ያተኮሩ ሲሆኑ በክምሩ ዙሪያ ያለውን አካባቢ መልሶ የማልማት ጉዳይ ራሱን የቻለ ዕቅድና የገንዘብ ምንጭ የሚሻ ነው።

በዱር እንስሳት ጥበቃ ረገድ የመንዝ ጓሳ ተሞክሮ ተጠቃሽ ነው። የጓሳ ሣርን ለክዳን፣ ለገመድና ለልዩ ልዩ አገልግሎት የሚጠቀሙት የመንዝ ነዋሪዎች ለዘመናት ሥፍራውን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግተው ከዚያ በጋራ ስምምነት በመክፈት ሲያስተዳድሩት ኖረዋል። ነባሩ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ አደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሎበታል፤ በኋላም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ዕውቅና አግኝቷል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚገኙበት ይህ ሥፍራ ከፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ድጋፍ ያገኘ ሲሆን የድጋፉ ጥንካሬ አስቀድሞ በነበረው የሕዝብ ሥርዓት ላይ መመሥረቱ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ከሚገኙ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የገባው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከመዝገቡ የወጣው ከ21 ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የግጦሽ ጫናን የመቀነስና በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ወገኖችን ኑሮ የመለወጥ ሥራ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአብያተ ክርስቲያናት ጥገና ዘርፍ ደግሞ የላሊበላ ሁኔታ ሰፊ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የገንዘብ ድጋፍ በ2000 ዓ.ም በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ሕንፃዎቹን ከዝናብና ከፀሐይ ለጊዜው እንዲከላከሉ የታሰቡ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ የመጠለያዎቹ ምሰሶና ክብደት ራሱ ለቅርሱ ሥጋት ሆኗል የሚል ቅሬታ ተነሥቶ በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ የከተማዋ ነዋሪዎች በአደባባይ እስከመጠየቅ ደርሰዋል። በሌላ በኩል የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የተባለው ድርጅት ከአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ በተገኘ ገንዘብ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ያከናወነው ጥገና በሕንፃው አካል ላይ ያተኮረ ሲሆን የአካባቢው ባለሙያዎችም በሥራው ሠልጥነውበታል። ከሁለቱ ሲነጻጸር የድጋፍ ገንዘብ ዘላቂነት የሚለካው በተተከለው ነገር ግዙፍነት ሳይሆን ገንዘብ ሰጪው ከሄደ በኋላ ሥራውን ሊቀጥል የሚችል የሠለጠነ ሰውና የጥገና ዕቅድ በመተው ነው።

አነስተኛ ድጋፍን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው የዓለም አካባቢ ተቋም የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ሊጠቀስ ይገባል። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚተዳደረው ይህ ፕሮግራም ለረጅም ዓመታት ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 50 ሺህ ዶላር በመስጠት በቀጥታ ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ሲያደርስ ቆይቷል። ኢትዮጵያም ከተጠቃሚ አገሮች አንዷ ናት። የፕሮግራሙ ልዩ ጠባይ የውሳኔ ሰጪው ኮሚቴ በየአገሩ የሚቋቋምና አብዛኞቹ አባላቱ ከመንግሥት ውጪ የሆኑ መሆናቸው ነው።

የሕግ ማዕቀፉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ የአካባቢ ደኅንነትን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በካይ የሆነ ወገን ያደረሰውን ብክለት እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን የሚያስገድድ መርሕ ይዟል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የኅብረተሰቡን ተሳትፎ ከታችኛው የአስተዳደር እርከን እንዲጀምር አድርጎ የነበረ ሲሆን በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክሉ ድንጋጌዎችን የያዘ አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል።

የቅርስ ጥገናን በሚመለከት በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የጥበቃና የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲገኝ ያዝዛል። ይህ ግዴታ ገንዘቡ ከየትም ቢመጣ ቀሪ አይሆንም። በበጎ ፈቃድ ተነሣስተው ነባር ሥዕልን በአዲስ ቀለም የሚሸፍኑ፣ የኖራ ግድግዳን በሲሚንቶ የሚለስኑ ሥራዎች ቅርስን ከመጠበቅ ይልቅ የሚያጠፉ በመሆናቸው የፈቃዱ ሥርዓት ሊላላ አይገባውም። ሲሚንቶ እርጥበትን በግድግዳው ውስጥ አፍኖ ስለሚይዝ በኖራና በጭቃ የተሠራ ነባር ሕንፃ ከውስጥ እንዲፈርስ ምክንያት ይሆናል።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ የሕዝብ ገንዘብ ለአምልኮ ሕንፃ ሊውል ይችላል ወይ የሚለው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ሲደነግግ፣ አንቀጽ 91 ደግሞ የአገር የተፈጥሮ ሀብትንና ታሪካዊ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የሁሉም ዜጎች ግዴታ መሆኑን ይገልጻል። ሁለቱ ድንጋጌዎች የሚታረቁት ድጋፉ ለሃይማኖታዊ አገልግሎት ሳይሆን ለቅርስነት ሲሰጥ፣ መመዘኛውም ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድና ለማንኛውም ታሪካዊ ሕንፃ እኩል ሲሠራ ነው። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ወይም አዲስ መስጊድ ለመገንባት የሚቀርብ ጥያቄ በዚህ መመዘኛ ውስጥ አይወድቅም፤ በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ ጣሪያ ማዳን ግን ይወድቃል።

ድጋፉን የሚቀበለው ማን እንደሆነም በሕግ መታየት አለበት። በ2001 ዓ.ም ወጥቶ የነበረው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በ2011 ዓ.ም በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ ቀድሞ ከውጭ በሚገኝ ገንዘብ ላይ የነበረውን ገደብ ያነሣ ሲሆን የድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የሃይማኖት ተቋማት በዚህ አዋጅ የማይሸፈኑ በመሆናቸው አንድ ደብር እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሊስተናገድ አይችልም።

አሠራሩ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሲታይ

በአዲስ አበባ የደረቅ ቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ ከውኃ ፍጆታ ሂሳብ ጋር ተያይዞ ሲሰበሰብ የቆየ ሲሆን በአነስተኛና ጥቃቅን የተደራጁ ማኅበራት ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ቆሻሻውን ሲሰበስቡ ኖረዋል። ስለሆነም ከእያንዳንዱ ቤት የሚሰበሰብ ክፍያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። አዲስ የሚሆነው ከክፍያው ጥቂቱ የማስወገጃውን ሸክም ወደሚሸከመው አካባቢ እንዲመለስ ማድረግ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ ወደ ማስወገጃው ለሚገባ ለእያንዳንዱ ቶን 10 ብር ለአካባቢ ድጋፍ ቢያዝና የረጲ ማመንጫ በታቀደለት አቅም የሚቀበለው 1 ሺህ 400 ቶን እንደ መነሻ ቢወሰድ፣ በቀን 14 ሺህ ብር፣ በዓመት ደግሞ 5 ሚሊዮን 110 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ትልልቅ ግንባታዎችን የሚሸፍን ባይሆንም ለአንድ የወንዝ ዳር ተከላ፣ ለአንድ የወጣቶች መጫወቻ ሥፍራ ወይም ለአንድ ነባር ሕንፃ ጣሪያ ጥገና መነሻ ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ ሊውልባቸው የሚችሉ ሥራዎች በክፍለ ከተማው ይገኛሉ። ከረጲ ክምር የሚወጣው ፍሳሽ የሚያመራበት የትንሹ አቃቂ ወንዝ በክፍለ ከተማው በኩል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይቀላቀላል። የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረጋማ ሥፍራዎች ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ተሰዳጅ ወፎች የሚከርሙባቸውና በዓለም አቀፍ ደረጃ ለወፎች ጠቃሚ ተብለው ከተለዩ ቦታዎች መካከል የሚገኙ ናቸው። በላይኛው ተፋሰስ ያለው ብክለት ካልተገታ በታችኛው ላይ የሚደረግ የዱር እንስሳት ጥበቃ ውጤት አይኖረውም። ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በወንዙ ዳር የሚተከል አገር በቀል ዛፍና የሚገነባ የፍሳሽ ማጣሪያ በራሱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ ነው።

የማስወገጃው ሥፍራ ራሱም ከዱር እንስሳት ጉዳይ ውጪ አይደለም። ጥንብ አንሳዎች፣ አባ ኮዳዎችና ጅቦች ከከተማ ቆሻሻ ጋር ተላምደው ይኖራሉ። በአፍሪካ ከሚገኙት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በርካታዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ እንዳሉ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመዝግበዋል። የሞተ እንስሳን በፍጥነት በማጽዳት በሽታ እንዳይዛመት የሚያግዙ በመሆናቸው ክፍት የቆሻሻ ክምር ሲዘጋ የእነርሱ ሁኔታ አብሮ ሊጠና ይገባል። እንደ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ያሉ ነባር አረንጓዴ ሥፍራዎችም የከተማ ወፎች መጠለያ በመሆናቸው በዚሁ ዘርፍ ሊታዩ የሚችሉ ናቸው።

ኃላፊዎች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ነጥቦች

በመጀመሪያ ገንዘቡ በሕግ መመሥረት ይኖርበታል። የመንግሥት ገቢ በተለየ ሂሳብ ተይዞ ለተለየ ዓላማ እንዲውል ሥልጣን ባለው ምክር ቤት መወሰን ያለበት ሲሆን በዚህ ረገድ በ1989 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ እንደ አብነት ሊወሰድ ይችላል። ፈንዱ በዋናነት ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ ለመንገድ ጥገና እንዲውል መደረጉ ከአንድ አገልግሎት የሚገኝ ገቢ አገልግሎቱ ያስከተለውን ጉዳት ለመጠገን ሊመደብ እንደሚችል ያሳያል። በደብዳቤና በቃል ትእዛዝ የሚሰበሰብ መዋጮ ግን ሕጋዊ መሠረት የሌለውና ለብልሹ አሠራር በር የሚከፍት ነው።

ሁለተኛው የአቅራቢያ ትርጉም ነው። ድጋፉ የሚመለከተው አካባቢ በአስተዳደር ወሰን ብቻ ከተወሰነ ክምሩ በሁለት ክፍላተ ከተሞች አዋሳኝ ላይ በመሆኑ አንደኛው ወገን ሊዘለል ይችላል። ስለዚህ ርቀትን፣ የነፋስ አቅጣጫንና የፍሳሽ መውረጃን መሠረት ያደረገ አከላለል መከተል ተገቢ ነው። በቆሻሻው ላይ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ወገኖችም በመታወቂያ አድራሻቸው ምክንያት ከተጠቃሚነት ሊወጡ አይገባም።

ሦስተኛው የውሳኔ አሰጣጡ ነው። ገንዘብ የሚሰበስበው አካል፣ ተጠቃሚውን የሚመርጠው አካልና ሂሳቡን የሚመረምረው አካል የተለያዩ ሊሆኑ ይገባል። የመምረጫ መመዘኛው፣ የቀረቡት ማመልከቻዎች፣ የተመረጡትና ያልተመረጡበት ምክንያት በወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፉ ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ግን እምነት የሚያሳድር እርምጃ ነው።

አራተኛው የኅብረተሰቡ ድርሻ ነው። በእንግሊዝ አሠራር በሦስተኛ ወገን የሚሸፈነው 10 በመቶ በእኛ ሁኔታ በዕድር፣ በሰበካ ጉባኤ፣ በመስጊድ ኮሚቴ ወይም በወጣቶች ማኅበር በኩል በጉልበትና በቁሳቁስ ሊሟላ ይችላል። ይሁን እንጂ ድርሻው ከፍ ከተደረገ ድሃ የሆነው መንደር ከውድድሩ ስለሚወጣ መጠኑ በጥንቃቄ መወሰን አለበት።

አምስተኛው ጥገናና ቀጣይነት ነው። ማንኛውም ማመልከቻ ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ማን እንደሚጠብቀው፣ ዓመታዊ ወጪውንም ማን እንደሚሸፍን የሚገልጽ ሰነድ ሊኖረው ይገባል። የላሊበላ መጠለያዎች ጉዳይ እንዳስገነዘበው ለጊዜው የተባለ ሥራ ጊዜው ሲያልፍ ማን እንደሚያነሣው ካልተወሰነ አዲስ ችግር ይሆናል። በተመሳሳይ ሁኔታ የቆሻሻው መጠን ሲቀንስ ገቢውም የሚቀንስ በመሆኑ ድጋፉ ለደመወዝና ለመሳሰሉት ቋሚ ወጪዎች ሊውል አይገባም።

ስድስተኛውና ከሁሉም የሚቀድመው ድጋፉ የደኅንነት ሥራን የማይተካ መሆኑ ነው። የክምሩን ተዳፋት የመቆጣጠር፣ ከሥሩ መኖሪያ ቤት እንዳይሠራ የመከልከልና የተሠራውንም ምትክ ሰጥቶ የማንሣት ግዴታ የሚመለከተው አስተዳደር የዘወትር ተግባር ሲሆን በመናፈሻ ወይም በአዳራሽ ሊካካስ አይችልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ሕይወታቸውን ያጡት ወገኖች የሚያስታውሱን ይህንኑ ነው። ድጋፉ ትርጉም የሚኖረው በቅድሚያ የሰው ሕይወት ከአደጋ ሲጠበቅ፣ ቀጥሎም ለዓመታት የከተማዋን ሸክም የተሸከመው አካባቢ ወንዙ እንዲጠራ፣ ዛፉ እንዲያድግ፣ ታሪካዊ ሕንፃውም እንዲጠገን ከከተማዋ ገቢ ተገቢው ድርሻ ሲመለስለት ነው።